በመሀል አዲስ አበባ ለትልቅ ዝግጅት ቦታ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይታቀዳል?

ትልቅ ዝግጅት ለማሰናዳት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል?» ብሎ ነው። መልሱን የሚሰጠው አከራዩ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሲያጋድል አይታይም። በዚህ መመሪያ የምከተለው መንገድ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቦታው የሚመረጠው ከመውጫው ተነሥቶ ወደ መድረኩ በመሄድ ነው። ሕዝቡ በምን ያህል ደቂቃ እንደሚወጣ፣ ከወጣ በኋላ የት እንደሚቆምና በምን እንደሚሄድ ከታወቀ፣ ስለ መቀመጫው፣ ስለ ድምፁና ስለ ጌጡ መነጋገር ቀላል ይሆናል። መመሪያው ከ3,000 እስከ 10,000 ሰው የሚገኝበትን ዝግጅት በመሀል አዲስ አበባ፣ በተለይም ከመስቀል አደባባይ እስከ ፒያሳ ባለው ክልል፣ ለማካሄድ ላሰቡ አዘጋጆች የተጻፈ ነው።

1. ዝግጅቱን በአንድ ገጽ ላይ በቁጥር ይግለጹ

ቦታ ለማየት ከመውጣትዎ በፊት በአንድ ገጽ ላይ የሚከተለውን ይጻፉ፦ በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚገኘው ከፍተኛው የሰው ብዛት፣ ታዳሚው ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ የሚከታተለው፣ ዝግጅቱ በስንት ሰዓት ተጀምሮ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ሕፃናትና አረጋውያን ይኖሩ እንደሆነ፣ ምግብ ይቀርብ እንደሆነ፣ የመንግሥት ባለሥልጣናት ይጋበዙ እንደሆነ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው። የበዓል ባዛር በቀን 20,000 ሰው ሊያስተናግድ ይችላል፤ ሆኖም ሰዉ ሲገባና ሲወጣ ስለሚውል በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚገኘው ምናልባት 4,000 ነው። በአንጻሩ ለ5,000 ሰው ትኬት የተሸጠበት ኮንሰርት ላይ 5,000ውም በአንድ ጊዜ ውስጥ ናቸው፤ የሚወጡትም በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በቁጥር የሚያንሰው ኮንሰርት ከባዛሩ የሰፋ መውጫ ይጠይቃል።

ከፍተኛ ባለሥልጣን የሚገኝ ከሆነ ደግሞ የመግቢያው ሰዓት፣ የፍተሻው ዓይነትና የሚዘጉት መንገዶች ከእርስዎ እጅ ወጥተው በፕሮቶኮልና በጸጥታ አካላት ይወሰናሉ። ይህን በመጨረሻው ሳምንት ከማወቅ በመጀመሪያው ቀን ማሰብ ይሻላል።

2. ቀኑን ከቦታው በፊት ይወስኑ

በመሀል ከተማ ጥሩ ቦታ በመጥፎ ቀን ከመጥፎ ቦታ አይሻልም። መስከረም 16 ቀን ደመራ መስቀል አደባባይ ላይ ስለሚከበር በዙሪያው ያሉ መንገዶች ይዘጋሉ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኢሬቻ ይከተላል። በኅዳር ወር ታላቁ ሩጫ ከተማውን በሯጭ ይሞላል፤ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ያህል ተሳታፊ የነበረው ይህ ውድድር ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚወጣበት ሆኗል። ጥር 10 እና 11 ታቦታት ወደ ጃን ሜዳና ወደ ሌሎች ጥምቀተ ባሕሮች ስለሚወርዱ በእነዚህ ቀናት ዕቃ የጫነ መኪና ይዞ መሀል ከተማን ማቋረጥ የማይታሰብ ነው። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሲካሄድ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ የቦሌ መንገድ በየሰዓቱ ይዘጋል፣ የኪራይ መኪናም ይጠፋል። የካቲት 23 የዓድዋ በዓል አለ።

ጾሙንም አይርሱ። በሁዳዴ 55 ቀናት ኮንሰርት ላይ የሚገኘው ሕዝብ ያንሳል፤ ስብሰባ ወይም ዐውደ ርእይ ከሆነ ግን ጾሙ አያግድም፣ የምግብ ዝርዝሩ ብቻ ይለወጣል። ረቡዕና ዓርብ የሚቀርብ ምሳ የጾም መሆን አለበት፤ በረመዳን የሚካሄድ የማታ ዝግጅት ደግሞ ለማፍጠሪያ የሚሆን ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ክረምት የሜዳ ዝግጅት አያስቡ። በበልግም ቢሆን የመጋቢት ዝናብ ድንገት ከበረዶ ጋር ሊወርድ ስለሚችል መጠለያ የሌለው ቦታ ዕድልን መፈተን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ማታው ብርድ ነው።

ከውጭ አገር እንግዳ የሚጠሩ ከሆነ ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። «8 ሰዓት» የሚለው ቃል ለእኛ ከቀትር በኋላ፣ ለእንግዳው ደግሞ ጠዋት ነው። በዚህ ምክንያት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ የጠበቀን ተናጋሪ በዓይኔ አይቻለሁ።

3. ለዝግጅቱ የሚስማማውን የቦታ ዓይነት ይለዩ

መሀል አዲስ አበባ ያሉት ትላልቅ ቦታዎች ጠባያቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ዝርዝር ይዞ ሁሉን ከመዞር በፊት ዓይነቱን መለየት ድካም ይቀንሳል።

መስቀል አደባባይ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲከፈት ከሥሩ ከ1,000 በላይ መኪና የሚያቆም ምድር ቤት ተሠርቶለታል። ደረጃ በደረጃ የሚወጣው ግማሽ ክብ ቅርጹ ተፈጥሯዊ መቀመጫ ይሰጣል፤ ከሁሉም ማዕዘን መድረኩ ይታያል። ሁለት ነገሮችን ግን ያስቡ። አንደኛው፣ አደባባዩ የሕዝብ መንገድ ነውና እዚያ ዝግጅት ማካሄድ ማለት የከተማውን ዋና መጋጠሚያ መዝጋት ማለት ነው፤ ፈቃዱም በዚያው ልክ ይከብዳል። ሁለተኛው፣ ከሥሩ ምድር ቤት ያለበት ወለል ላይ ከባድ መድረክ፣ ክሬን ወይም ጀነሬተር የጫነ መኪና ከማሳረፍዎ በፊት ወለሉ በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ እንደሚችል ከአስተዳዳሪው በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። መድረክ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፤ መጠየቅ የአዘጋጁ ሥራ ነው።

ከአደባባዩ አጠገብ ያለው ኤግዚቢሽን ማዕከል ለብዙ ዓመታት የገና፣ የፋሲካና የዘመን መለወጫ ባዛሮች የተካሄዱበት ስለሆነ ነጋዴውም ሸማቹም ያውቀዋል፤ ሰው አድራሻ ሳይጠይቅ የሚመጣበት ቦታ ትልቅ ሀብት ነው። ለባዛር፣ ለንግድ ትርዒትና አጥር ለሚያስፈልገው የሜዳ ኮንሰርት ይሆናል፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ጉባኤ ግን አይሆንም።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በውስጡ የስብሰባ አዳራሾች ስላሉት ለክብረ በዓልና ለጉባኤ ይመረጣል፤ የቦታው ታሪካዊ ክብር ግን የዝግጅቱን ዓይነት ይወስናል። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር መቀመጫው ከወለሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለሽልማት ሥነ ሥርዓትና ለሙዚቃ እንጂ ጠረጴዛ ለሚዘረጋበት ግብዣ አይሆንም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት አፍሪካ አዳራሽ በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ስለሚገኝ የራሱ የመግቢያና የጸጥታ ሥርዓት አለው፤ ታዳሚው በሙሉ ስሙ አስቀድሞ ካልተመዘገበ በስተቀር እዚያ ሕዝባዊ ዝግጅት ማሰብ አይገባም።

ቦሌ የሚገኘው ሚሊኒየም አዳራሽ ከመሀል ከተማ ራቅ ቢልም በተጠባባቂነት ይያዝ። ሰፊና ጣሪያ ያለው ስለሆነ ዝናብን ከፈሩ፣ እንግዳዎም በአብዛኛው በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ፣ ከመሀል ከተማው ይልቅ እሱ ሊሻል ይችላል።

4. ቦታውን በሜትር ይለኩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። ሜትር፣ ወረቀትና ሰዓት ይዘው ይሂዱ፤ ቢቻል ዝግጅቱ በሚካሄድበት ሰዓትና የሳምንቱ ቀን ይሁን።

በመጀመሪያ ጥቅም ላይ የሚውለውን ስፋት ያስሉ። ከጠቅላላው ስፋት ላይ መድረኩን፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን፣ ድንኳኖቹን፣ መተላለፊያዎቹንና መድረኩ የማይታይባቸውን ማዕዘኖች ይቀንሱ። 6,000 ካሬ ሜትር የተባለ ሜዳ ከዚህ ሁሉ በኋላ 3,500 ቢቀረው አይገረሙ። በሕዝብ ደኅንነት ባለሙያዎች ዘንድ ለቆመ ሕዝብ በካሬ ሜትር 4 ሰው እንደ ላይኛ ወሰን ይታያል፤ ቁጥሩ ከ5 እና ከ6 ሲያልፍ ሰው በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ ያቆምና ሕዝቡ እንደ ውኃ መናጥ ይጀምራል። እኔ ለዕቅድ የምወስደው 2 ሰው ነው፤ ምክንያቱም ሕዝብ እኩል ተከፋፍሎ አይቆምም፣ ወደ መድረኩ ይጠጋል፣ ስለዚህ በአማካይ 2 የሆነው ፊት ላይ 4 ይደርሳል። በዚህ ስሌት 3,500 ካሬ ሜትሩ 7,000 ሰው ይይዛል። ወንበር በረድፍ ከተደረደረ ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ገደማ፣ ክብ ጠረጴዛ ከሆነ ደግሞ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ይያዙ።

ቀጥሎ መውጫውን ያስሉ። ለስታዲየሞች በሚሠራበት የታወቀ የእንግሊዝ መመዘኛ መሠረት በደልዳላ መሬት ላይ አንድ ሜትር ስፋት ባለው መውጫ በደቂቃ 82 ሰው፣ በደረጃ ላይ ደግሞ 66 ሰው ያልፋል፤ ሕዝቡም በ8 ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለበት። ስለዚህ አንድ ሜትር መውጫ በ8 ደቂቃ 656 ሰው ያስወጣል ማለት ነው። 5,000 ሰው ካለዎት ወደ 7.6 ሜትር የሚጠጋ የመውጫ ስፋት ያስፈልግዎታል። ስሌቱ በዚህ አያልቅም፤ ትልቁ በር በእሳት ወይም በግርግር ቢዘጋ የቀሩት ብቻቸውን 7.6 ሜትር መሙላት አለባቸው። ለምሳሌ አራት ሜትር ስፋት ያለው አንድ ዋና በርና ሁለት ሁለት ሜትር የሆኑ ሁለት የጎን በሮች ያሉት ግቢ በወረቀት ላይ 8 ሜትር ቢኖረውም፣ ዋናው በር ሲዘጋ 4 ሜትር ብቻ ስለሚቀረው ለ5,000 ሰው አይበቃም፤ በዚህ መለኪያ የሚችለው 2,600 ሰው ገደማ ነው።

የበሩን ስፋት ሲለኩ ሁለቱም መዝጊያዎች ተከፍተው፣ ሰው በእርግጥ የሚያልፍበትን ክፍተት ይለኩ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል? ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው? ከበሩ ውጭ ወዲያውኑ ደረጃ፣ ቦይ ወይም የቆመ መኪና አለ? አንድ ጊዜ በደንብ የሚያምር አዳራሽ ልንከራይ ሄደን አራተኛው የአደጋ ጊዜ መውጫ በሰንሰለት ታስሮ አገኘነው፤ ከኋላው ደግሞ እስከ ጣሪያው ወንበር ተደርድሯል። ጠባቂው «ለዝግጅት ጊዜ ይከፈታል» አለን። ወንበሩን ለማንሳት ብቻ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ማንም አልነገረንም ነበር፤ ቦታውን ተውነው።

መግቢያና መውጫው አንድ የሆነበትን ቦታ ያለ ማመንታት ይሰርዙ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2010 በጀርመን ዱይስቡርግ ከተማ በተካሄደው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ 21 ሰዎች የሞቱት የሚገባውና የሚወጣው ሕዝብ በአንድ ዋሻና መወጣጫ መንገድ ላይ በመገናኘቱ ነው። ሜዳው ራሱ ሰፊ ነበር፤ የጠበበው መንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 በደቡብ ኮሪያ ሶል ከተማ ኢቴዎን ሰፈር 159 ሰዎች በሕዝብ መጨናነቅ የሞቱበት መተላለፊያም ሦስት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቁልቁለት ነበር። አዲስ አበባ ተዳፋት የበዛባት ከተማ ስለሆነች ከበሩ ውጭ ያለውን ቁልቁለት እንደ በሩ ሁሉ ይመርምሩት።

በመጨረሻ የፍተሻውን ወረፋ ያስሉ። አንድን ሰው ከነቦርሳው ለመፈተሽ 10 ሰከንድ ቢፈጅ አንድ መስመር በሰዓት 360 ሰው ያሳልፋል። 5,000 ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ለማስገባት 10 መስመር ያስፈልጋል፤ ለሴቶች የተለየ መስመርና ሴት ፈታሾች መኖር አለባቸው። የሐበሻ ቀጠሮም በስሌቱ ውስጥ ይግባ። በሩ በ10 ሰዓት ቢከፈትም ሰዉ የሚመጣው 11 ሰዓት ተኩል ላይ በአንድነት ስለሆነ፣ ከበሩ ውጭ ቢያንስ 1,500 ሰው ከመኪና መንገድ ላይ ሳይወጣ የሚቆምበት ስፍራ መኖሩን ያረጋግጡ።

5. ሰው እንዴት ይመጣል፣ እንዴትስ ወደ ቤቱ ይመለሳል?

የመሀል ከተማ ትልቁ ጥቅም መጓጓዣ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለቱም መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ ከአያት የመጣውም ከቃሊቲ የመጣውም ስታዲየም ጣቢያ ወርዶ መስቀል አደባባይ በእግሩ ይደርሳል። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የሕዝብ መጓጓዣ እየሳሳ ይሄዳል። ዝግጅቱ ከዚያ በኋላ የሚያልቅ ከሆነ በዋና ዋና አቅጣጫዎች፣ ማለትም ወደ መገናኛ፣ ወደ ሳሪስ፣ ወደ ጦር ኃይሎችና ወደ ሽሮ ሜዳ፣ አውቶቡስ አስቀድመው ይከራዩ፤ ወይም ዝግጅቱን ቀን ያድርጉት።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የፒያሳ፣ የአራት ኪሎና የሌሎችም ሰፈሮች መንገዶች ተለውጠዋል፤ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተጨምሯል፣ ቀድሞ መኪና ይቆምባቸው የነበሩ የመንገድ ዳሮች ተከልክለዋል። ስለዚህ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት በሠሩበት ቦታ ላይ እንኳ አሮጌ ዕቅድ አውጥተው አይጠቀሙ፤ እንደገና በእግርዎ ይዙሩት። የጭነት መኪና ማራገፊያ በር የት እንደሆነና በየትኛው ሰዓት መግባት እንደሚፈቀድለትም በዚያው ዙር ይጠይቁ።

6. መብራት፣ ድምፅ፣ ኔትወርክ፣ መጸዳጃ

አዳራሹ መብራት አለው ማለት ለእርስዎ ድምፅና ብርሃን የሚበቃ መብራት አለው ማለት አይደለም። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር (ከባድ መሣሪያ የሚሸከም የኤሌክትሪክ መስመር) መኖሩንና አቅሙን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈትሹ። ጀነሬተር ሲከራዩ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ በሳሳ አየር ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል ከተጻፈው ሊያንስ ይችላል። ከሚያስፈልግዎት ቢያንስ ሩብ ያህል ጨምረው ይውሰዱ፤ ሁለተኛ ተጠባባቂም ይኑር።

የአገሪቱ የድምፅ መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ኮንሰርት ደግሞ መድረኩ አጠገብ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። የድምፅ ማጉያዎቹን አቅጣጫ ከመኖሪያ ቤትና ከሆስፒታል ያርቁ። በመስቀል አደባባይ አቅራቢያ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንን ያስታውሱ፤ በጾም ወቅት ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚሆን የድምፅ ሙከራውን ለዚያ ሰዓት አይቅጠሩ። አስተዳዳሪዎቹን ቀድሞ ሄዶ ማነጋገር ከማንኛውም ደብዳቤ ይበልጣል።

ብዙ ሺሕ ሰው በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ የስልክ ኔትወርክ ይጨናነቃል፤ ትኬትዎ በስልክ የሚታይ፣ ሽያጭዎም በቴሌብር የሚካሄድ ከሆነ በሩ ላይ መቆም ይመጣል። ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ስለ ጊዜያዊ ተጨማሪ አቅም ይነጋገሩ፤ የትኬት ማረጋገጫውም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን።

መጸዳጃን በተመለከተ፣ ለ100 ሴቶች አንድ፣ ለ500 ወንዶች አንድና ለ150 ወንዶች አንድ መሽኛ የሚለው ስሌት ጥሩ መነሻ ነው። ግማሹ ሴት የሆነ 5,000 ሕዝብ 25 የሴቶች መጸዳጃ፣ 5 የወንዶች መጸዳጃና 17 መሽኛ ይፈልጋል። የቧንቧ ውኃ በዚያ ቀን እንደማይኖር አድርገው በቦቴ ያቅዱ።

7. ፈቃድ

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የፈቃዱን ነገር ይጀምሩ። ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ይመራል፤ አዋጁ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ያዛል። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ በማንኛውም ትልቅ ዝግጅት ላይ በሁለት ቀን ውስጥ የሚያልቅ ነገር የለም። ከከተማው ሰላምና ጸጥታ ቢሮ፣ ከፖሊስ፣ ከትራፊክ አስተዳደርና ከእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጋር ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መነጋገር ይጀምሩ። ሲሄዱ የሚለምን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በደረጃ 4 የለኩትንና የሳሉትን ንድፍ ይዘው ይሂዱ። በሮቹ፣ የአምቡላንስ መንገዱና የፍተሻ መስመሮቹ በቁጥር የተቀመጡበት አዘጋጅ ሌላ ዓይነት አቀባበል ያገኛል። እያንዳንዱን ደብዳቤ መዝገብ ቤት አስገብተው የገቢ ቁጥሩን ይያዙ።

8. ውሉ

ውሉ ላይ «ዝግጅቱ የሚካሄድበት ቀን» ብቻ ከተጻፈ ኪራዩ ርካሽ ይመስላል፤ መድረክ የሚሠራበትና የሚፈርስበት ቀን ግን በተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። የመግቢያና የመውጫ ቀንና ሰዓት፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ይካተት አይካተት፣ ጀነሬተርና ነዳጅ የማን እንደሆነ፣ ምግብና ድምፅ ከውጭ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ሁሉም በሮች ከነቁልፎቻቸው እንደሚረከቡ በግልጽ ይጻፍ። በመሀል ከተማ ልዩ ትኩረት የሚፈልገው አንቀጽ ግን አንድ ነው፦ ቦታው በመንግሥት ትእዛዝ ወይም በመንገድ መዘጋት ምክንያት በቀኑ ባይገኝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል? በስንት ቀን ውስጥ? አከራዩ በዚህ ላይ መፈረም ካልፈለገ ሁለተኛውን ምርጫዎን ይዘው ይቀጥሉ።

9. የመጨረሻው ሳምንትና ቀኑ

ከአንድ ሳምንት በፊት አስተባባሪዎቹን ሁሉ ቦታው ላይ ሰብስበው በእግር ያዙሯቸው፤ ንድፍ በወረቀት አይቶ በር ማግኘት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። በእያንዳንዱ መውጫ ላይ ቁልፉን የያዘ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ። የእሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የፖሊስ 991 ቁጥሮች በሁሉም ባጅ ጀርባ ላይ ይታተሙ፤ አምቡላንሱ ራሱ ግን ተጠርቶ የሚመጣ ሳይሆን ግቢው ውስጥ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ የቆመ ይሁን። ዝግጅቱን የማቆም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ፣ በምን ምልክት እንደሚቆምና መድረክ ላይ ምን እንደሚባል አስቀድሞ ይወሰን።

መጨረሻው ላይ ሙዚቃውን በአንድ ጊዜ አያቁሙ። ዋናው ክፍል ካለቀ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ለስለስ ያለ ነገር ይቀጥል፤ የሚቸኩለው ሲወጣ የሚቆየው ይቆያል፣ በሩም ይተነፍሳል። መኪኖች ከመኪና ማቆሚያው የሚወጡት እግረኛው ካለቀ በኋላ ይሁን። ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ከአከራዩ ወኪል ጋር ቦታውን በብርሃን እየዞሩ ይመልከቱ፤ የተጎዳ ነገር ካለ ፎቶ አንስተው፣ በሁለታችሁም ፊርማ ርክክቡን ጨርሰው፣ የመያዣ ገንዘብዎን የሚቀበሉበትን ቀን አጽፈው ይውጡ።